ኮሚቴው 8 ካሜራ ሊያስገባ ነው፦ የት ይሰቀል፣ ማን ይየው፣ ስንት ቀን ይቀመጥ?

ብሎክ_19 · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ጂ+4 የሆኑ 3 ብሎኮች በአንድ አጥር። ዋና በር አንድ፣ በጓሮ በኩል ትንሽ የእግረኛ በር አንድ፣ መኪና ማቆሚያው መሐል ላይ። የሚሰረቀው በአብዛኛው ስፖኪዮ፣ የመኪና ባትሪና የውሃ ቆጣሪ ነው። ለኮሚቴው የቀረበው ፕሮፎርማ እንዲህ ይላል፦

– 8 ካሜራ፣ ሁሉም 4 ሜጋፒክሰል፣ ሁሉም ባለ 2.8 ሚሊ ሌንስ፣ ድምፅም የሚቀዳ
– ባለ 8 መስመር ኤንቪአር (የካሜራዎቹ መቅጃ)፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ
– ዋና በር 1፣ መኪና ማቆሚያ 1፣ የቀሩት 6 በየብሎኩ ኮሪደር
– 5ቱም የኮሚቴ አባላት በስልካቸው ያያሉ

ነዋሪው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ይግባ፣ ያውም ይጨመር» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ኮሪደር ማለት የሰው ደጃፍ ነው፣ ማን ማን ቤት ገባ የሚለው የኮሚቴው ጉዳይ አይደለም ባይ ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ቁጥርና ሕግ ይዞ መግባት ይሻላልና የምታውቁ እርዱን።

ገመድ_ሳቢ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡25

8 ካሜራ፣ 8ቱም 2.8 ሚሊ? ይህ ግቢውን አይቶ የተጻፈ ፕሮፎርማ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ የተከማቸውን ማራገፍ ነው።

ሌንሱን እንይ። ጨርሶ የማታውቁትን ሰው ከቪዲዮ ላይ «ይህ ነው» ለማለት ሰውየው በቆመበት ቦታ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክሰል መድረስ አለበት። የምታውቁትን ሰው ለመለየት 125 ይበቃል። «አንድ ሰው አለ፣ እንዲህ እያደረገ ነው» ለማለት 62 ገደማ። ይህን ያስቀመጠው አይኢሲ 62676 ክፍል 4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የ2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) እትም ነው። የ4 ሜጋፒክሰል ምስል በአግድም 2560 ፒክሰል አለው፤ ለ250 ስታካፍሉት 10 ሜትር ከምናምን ይመጣል። ምስሉ የሚሸፍነው ስፋት ከ10 ሜትር ካለፈ እንግዳ ፊት መለየት አበቃ ማለት ነው።

አሁን ሌንሱ 10 ሜትር ስፋት ላይ የሚደርሰው ስንት ሜትር ርቀት ላይ ነው? 2.8 ሚሊ ወደ 100 ዲግሪ ስለሚከፍት ከ4 ሜትር ትንሽ አልፎ። 4 ሚሊ 80 ዲግሪ ገደማ፣ 6 ሜትር ላይ። 6 ሚሊ 50 ዲግሪ ገደማ፣ 11 ሜትር ላይ። እንደ ሴንሰሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን በዚህ ዙሪያ ነው። መኪና ማቆሚያውን ባንድ 2.8 ካያችሁት ሌባው ከ15 ሜትር ላይ ጃኬት የለበሰ ጥላ ነው። ጃኬት ደግሞ ከተማው ሙሉ ይለብሳል።

የእኔ አቀማመጥ፦

ዋና በር ላይ 2። አንዱ ባለ 6 ሚሊ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ፊት ለፊት የሚያገኝ፤ ሌላው ዝቅ ብሎ ለታርጋ። የጓሮ በር ላይ 1፣ ባለ 4 ሚሊ። መኪና ማቆሚያ 2፣ በተቃራኒ ማዕዘን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እንዲያይ። ቆጣሪዎቹ ያሉበት ግድግዳ ላይ 1። ድምር 6። ኮሪደር ላይ ዜሮ፤ ወደየትኛውም ብሎክ ለመግባት ከሁለቱ በሮች በአንዱ ማለፍ ግድ ነውና።

ከፍታው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር። 4 ሜትር ላይ «እንዳይነካ» ብለው ይሰቅሉታል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲቀዳ የሚከርመው ኮፍያ ነው።

ስፖኪዮ_ፈላጊ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ገመድ ሳቢ በሩን ብቻ ጠብቁ ያልከው ሌባው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ነው። ከኮሪደር የሚጠፋው ጫማ፣ ሲሊንደር፣ የልጅ ብስክሌት በሩን ሳያልፍ የሚጠፋ ነው። ውስጥ አዋቂ ነው የሚወስደው። ኮሪደር ላይ ካሜራ ካልገባ ገንዘቡን ባታባክኑት ይሻላል። ደግሞ ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?

ገመድ_ሳቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የውስጥ አዋቂው ነጥብ ትክክል ነው፤ ሌላውን አልቀበልም። ሲሊንደር በኮሪደር ቢወሰድም በደረጃ ነው የሚወርደው። የየብሎኩ ደረጃ ምድር ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ባለ 4 ሚሊ፣ ወደ ደረጃው ብቻ የዞረ። ማን ምን ተሸክሞ ወረደ የሚለውን ይይዛል፣ የማንንም በር አያይም። እንግዲህ 9 ይሆናል፤ ባለ 8 መስመሩ ስለማይበቃ ከማቆሚያው አንዱን ቀንሳችሁ 8 ታደርጉታላችሁ። ከ3ኛ ፎቅ ወደ 4ኛ ፎቅ የተወሰደ ሲሊንደር አይያዝም፤ ይህን አልክድም።

ጠበቃ_ለገሃር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል» ለሚለው፦ ገበና ወንጀል አይደለም። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ሐኪም መጣለት፣ ማን ከባሏ ተጣልታ ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ ይህ ሁሉ የንጹሕ ሰው ኑሮ ነው። ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ካሜራ በዓመት ምናልባት አንድ ስርቆት ይይዛል፤ ይህን ግን በየቀኑ ይይዛል።

ሕጉን በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት፣ የመኖሪያ ቤትና የግንኙነት መከበርን ያረጋግጣል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በዝርዝር ሕግ፣ እንደ ብሔራዊ ደኅንነትና ወንጀልን መከላከል ላሉ ዓላማዎች ነው። ይህ በዋናነት መንግሥትን የሚይዝ ነው። እናንተን በቀጥታ የሚነካችሁ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰውን የሚያሳውቅ ምስል የግል ዳታ ነው። ማኅበሩ ሲቀዳ፣ ሲያስቀምጥ፣ ሲያሳይ ዳታውን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው፤ ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ አይደለም። የአዋጁ መርሆዎች ወደ ግቢ ሲወርዱ ይህን ይላሉ፦ ዓላማው አስቀድሞ ይታወቅ፣ ለዚያ ዓላማ የሚበቃው ብቻ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቀመጥ፣ ከማይመለከተው ሰው ይጠበቅ።

ከናንተ ጉዳይ ጋር ቁጭ የሚል የውጭ ፍርድ አለ። እኛን አያስገድደንም፣ አመዛዘኑ ግን ይጠቅማል። ሩማንያ ውስጥ የአንድ አፓርታማ የባለቤቶች ማኅበር በ2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ካሜራ ለመግጠም ወሰነ፤ ሦስት ተሰቀሉ፦ የሕንፃው ፊት፣ የምድር ቤቱ መተላለፊያና ሊፍቱ ውስጥ። አንድ ባለቤት ተቃወመ። ክርክሩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰና ዲሴምበር 11 ቀን 2019 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የእያንዳንዱ ነዋሪ ፈቃድ የግድ አይደለም አለ። ግን ሦስት ነገር ይታያል፦ ስጋቱ የምር ነው ወይ (እዚያ ስርቆት ነበር፣ ሊፍቱም ደጋግሞ ተሰብሯል)፤ ቀለል ያለ መፍትሔ ተሞክሯል ወይ (በካርድ የሚከፈት በር ገጥመው አልበቃም)፤ ከዚያም የነዋሪው መብት ከዚህ ይበልጣል ወይ። በሌሊት ብቻ ቢሠራ ወይም የማያስፈልገው የምስሉ ክፍል ቢሸፈን አይበቃም ወይ የሚለውም እንዲጣራ አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የጓሮው በር ቁልፍና የማቆሚያው መብራት ይሠራል ወይ?» ነው። አምፑል ሳይቀየር ካሜራ የሚገዛ ማኅበር ሁለተኛውን ጥያቄ ወድቋል።

ሒሳብ_ሹም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ዲስኩን ማንም ስላልነካው። አንድ ሜጋቢት በሰከንድ ለ24 ሰዓት ሲቀዳ 10.8 ጊጋባይት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙ፣ የቀረው ማባዛት ነው።

ፕሮፎርማው እንዳለ ቢገባ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ሜጋቢት ላይ ተተክሎ ይመጣል። 10.8 × 4 × 8 ካሜራ = 345.6 ጊጋባይት በቀን። 1 ቴራባይት ዲስክ 3 ቀን አይሞላም። ዓርብ ማታ የተሰረቀው ሰኞ ማታ ተሰርዟል።

ወደ ኤች 265 (ቪዲዮውን ይበልጥ የሚያጭቀው አቀዳድ)፣ በሰከንድ 15 ፍሬም፣ ከፍተኛው 2048 ኪሎቢት አውርዱት። 10.8 × 2 × 8 = 172.8 በቀን። ለ14 ቀን 2.4 ቴራባይት፣ ለ30 ቀን 5.2 ቴራባይት ገደማ። 4 ቴራባይት ዲስክ 23 ቀን ይይዛል።

ዲስኩ ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ይሁን፤ ፐርፕል ወይም ስካይሆክ የሚባለው። የዴስክቶፕ ዲስክ የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው ደጋግሞ ለማንበብ ስለሚቆም፣ በዚያ መሐል የሚመጣው ቪዲዮ ይዘለላል።

አንድ የማይታሰብ ነገር፦ ጨለማ ዲስክ ይበላል። ካሜራው ጨለማ ውስጥ ምስሉን ሲያጎላ የሚፈጠረውን ጉርብጥብጥ እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ይቀዳዋል። የበሩ መብራት ምስሉንም ያጠራል፣ ዲስኩንም ይቆጥባል።

ከፍራንክፈርት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

30 ቀን ምን ይሠራል? እዚህ ጀርመን የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶቹ በመርህ ደረጃ 72 ሰዓት ነው የሚሉት። የአውሮፓ ኅብረቱ መመሪያም ከ72 ሰዓት በላይ ባስቀመጥክ ቁጥር ምክንያትህ እየከበደ ይሂድ ይላል።

ብሎክ_19 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡50

72 ሰዓት እዚህ አይሆንም። ለገና ወይም ለፋሲካ ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው ሳምንት ከዚያም በላይ ይቆያል። ስፖኪዮው የጠፋበት ሰው የሚያውቀው ሲመለስ ነው።

ጠበቃ_ለገሃር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

ይኸው ምክንያት ነው፣ ጻፉት። «ነዋሪ ለበዓል ሲወጣ እስከ 10 ቀን ስለሚቆይ፣ ከተመለሰ በኋላም አቤቱታ የሚያቀርብበት ጥቂት ቀን ስለሚያስፈልግ፣ 14 ቀን» ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር። 30 ቀን ስለተለመደ ብቻ 30 ማለት ግን ምክንያት አይደለም። ሒሳብ ሹም እንዳለው 4 ቴራው 23 ቀን ቢይዝም ኤንቪአሩ ላይ የማቆያ ገደብ አለ፤ 14 ብላችሁ ሙሉት። ዲስክ ስለተረፈ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ሸገር_ኔት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ወደ ስልኩ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው «5ቱ በስልካቸው ያያሉ» የሚለው መስመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ኤንቪአሩን በራሱ አካውንት ይመዘግበዋል፣ ለኮሚቴው «ያጋራል»። ከዚያ ማኅበሩ የራሱ ካሜራ ባለቤት አይደለም። ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ ያያል፤ የይለፍ ቃል መመለሻው ኢሜይልም የእርሱ ነው። ኮሚቴ ሲቀየር የድሮዎቹ 5 ስልኮች እንዳሉ ይቀራሉ። ሁለት ምርጫ ካለፈ 15 ሰው ያያል፣ ማንም ግን ዝርዝሩን አያውቅም።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ለማኅበሩ አዲስ ኢሜይል ክፈቱ፤ ኤንቪአሩ በእርሱ ብቻ ይመዝገብ። ገጠማው ሲያልቅ የአድሚኑ ይለፍ ቃል ባለሙያው ሳያይ ይቀየር፤ ተጽፎ በማኅበሩ ማኅተም በታሸገ ፖስታ ሁለት ሰው ጋ ይቀመጥ።

2. ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ተጠቃሚ ስም። ለጥበቃ፦ የሁለቱን በሮች ቀጥታ ምስል ማየት ብቻ፤ ወደ ኋላ ማጫወትና መገልበጥ ይዘጋ። ይህ ፈቃድ በየካሜራው ለየብቻ የሚሰጥ ነው፤ በተጠቃሚዎች ማውጫ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

3. ወደ ኋላ ማየትና መገልበጥ ከስልክ ጨርሶ ይዘጋ። ኤንቪአሩ ባለበት ቢሮ፣ ሁለት ሰው ባለበት።

4. ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ (መሣሪያዎች ራሳቸው ወደ ኢንተርኔት በር እንዲከፍቱ የሚፈቅደው) ይጥፋ። ወደብ (ከኢንተርኔት የሚያስገባ ባለ ቁጥር መግቢያ) 80፣ 554፣ 8000 ወይም 37777 ወደ ኤንቪአሩ የተከፈተ ካለ ይዘጋ።

አራተኛው ለምን? በ2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ ይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ይዞ፣ ኦክቶበር 21 ቀን የአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን እንዳይደረስባቸው አድርጓል። በ2021 ደግሞ በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ይለፍ ቃል እንኳ የማይጠይቅ ቀዳዳ ተገኘ፤ ወደቡ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ይበቃል። ዝማኔው ወጥቷል፣ ግን የተሰቀለ ካሜራን ማን ያዘምናል? ለሌባ የተገጠመ ካሜራ ማንኛው ቤት ባዶ እንደሆነ ለሌባ ሊነግር ይችላል።

ካሜራዎቹን ከኤንቪአሩ ጀርባ ባሉት ፒኦኢ ወደቦች (ምስልና ኃይል በአንድ ገመድ የሚያልፍባቸው መሰኪያዎች) ላይ ስኩ። ያን ጊዜ ካሜራዎቹ የራሳቸው ዝግ ኔትወርክ ላይ ናቸው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ኤንቪአሩ ብቻ ነው። ከነአካቴው ከኢንተርኔት ቢነቀልስ? ይሠራል፤ ሰዓቱን ብቻ በእጅ መጠበቅ ይኖርባችኋል።

የማታ_ተረኛ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

ሰዓት ካልክ አይቀር። መቅጃው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። ነዋሪ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው» ይላል። ፈላጊው ማክሰኞን ከፍቶ 08:00 ያያል፤ ጠዋት ነው። አይ ሌሊት ነው ብሎ 20:00 ያያል፤ ምሽት ነው። ትክክለኛው ረቡዕ 02:00 ነው፤ በመቅጃው ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተቀይሯልና። ይህ ስህተት ፋይል የለም ተብሎ አቤቱታ እስከ መዝጋት ይደርሳል።

መዝገብ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፤ በመቅጃው ኦክቶበር 15 ቀን 2025፣ 02:00»። የሰዓት ክልሉ +3 ይሁን፤ የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚለው ይጥፋ፣ እኛ ጋ የለም። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቦታ የውስጧ ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ስትደክም ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በየወሩ መጀመሪያ ከስልክ ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱን በሰከንድ ጻፉት። ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ይህ ነው።

ስፖኪዮ_ፈላጊ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

እሺ፣ ኮሪደሩን ለጊዜው ልተወው። ድምፁ ግን ምን ችግር አለው? የተጣላ ሰው ማን እንደጀመረ ይታወቃል።

ጠበቃ_ለገሃር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡35

ድምፅ ከምስል የባሰ ነው። ካሜራ ሲዞር ቢያንስ ወዴት እንደሚያይ ይታያል፤ ማይክሮፎን አቅጣጫ የለውም፣ አጥር አያግደውም። በ2021 እንግሊዝ ኦክስፎርድ ውስጥ በተወሰነ የጎረቤታሞች ክስ ዳኛዋ የበር ካሜራውን የድምፅ ቅጂ ከቪዲዮው ይልቅ ከባድ ጥሰት አድርገው ነው ያዩት፤ ከራሱ ግቢ አልፎ የሌላውን ወሬ ስለሚይዝ። የደረጃ ሥር ካሜራ የቡና ወሬ ሁሉ ይቀዳል ማለት ነው። ለስፖኪዮ ሌባ ድምፅ ምን ይጨምራል? ሌባ እያወራ አይሰርቅም።

ገመድ_ሳቢ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡10

በቅንብር ማጥፋት ይቻላል፣ «ቪዲዮና ድምፅ» የሚለውን «ቪዲዮ» ማድረግ ነው። ግን ያጠፋው ሰው መልሶ ሊያበራው ይችላል። ማይክሮፎን የሌለውን ሞዴል ግዙ፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ስለ ጭንብልም፦ ከማቆሚያው ካሜራ የምድር ቤት መስኮት ይታያል። ካሜራው ውስጥ ያንን ክፍል በጥቁር መሸፈን ይቻላል፣ ብዙዎቹ እስከ 4 ቦታ ይፈቅዳሉ። ካሜራው ላይ ይደረግ እንጂ ማሳያው ላይ አይደለም፤ ካሜራው ላይ ከሆነ ሳይቀዳ በፊት ይጠቁራል፣ ማንም አይመልሰውም። ማንም የማይነግራችሁ ግን አለ፦ ጭንብሉ የተያያዘው ከመስኮቱ ጋር ሳይሆን ከምስሉ ፒክሰል ጋር ነው። ሸረሪት ድር ሊጠርግ የወጣ ሰው ካሜራውን ትንሽ ቢገፋው ጭንብሉ ግድግዳ ይሸፍናል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ይታያል። ከተጠረገ ቁጥር ምስሉ ይታይ። ድሩ ደግሞ መጠረግ አለበት፤ ማታ ኢንፍራሬዱ ድሩን አብርቶት ምስሉ ነጭ ይሆናል።

ገመዱ። ፕሮፎርማው ላይ «ካት 6» ብቻ ካለ አትፈርሙ፣ «ሙሉ መዳብ» ይባል። ገበያው በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ሞልቶታል። የአልሙኒየም የመቋቋም ኃይል ከመዳብ በ60 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ በረዥም መስመር ቮልቴጁ ይወርዳል። ቀን ይሠራል፤ ሲመሽ ኢንፍራሬዱ በርቶ ካሜራው ብዙ ኃይል ሲስብ ይጠፋና ይነሳል፣ ይጠፋና ይነሳል። በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ማለት ነው። ሽቦውን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው። ሙሉ መዳብም ቢሆን ከ100 ሜትር አይለፍ።

መብራት ሲጠፋ፦ 8 ካሜራና መቅጃው ከነ ዲስኩ 70 ዋት ገደማ። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያላት ትንሽ ዩፒኤስ 40 ደቂቃ አካባቢ ናት። ሌሊቱን ለመዝለቅ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር፤ እርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች ካላወረዳችሁት 7 ሰዓት ያህል ይሄዳል።

አወያይ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

ስለ መንግሥት የስልክ ጠለፋ የተጻፉትን 4 አስተያየቶች ወደ ሌላ ክር አዛውሬያቸዋለሁ። እዚህ የግቢውን ካሜራ ብቻ።

የማታ_ተረኛ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ካሜራው ላይ ሁሉም ይከራከራል፤ የበሩ ደብተር ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚሄድበት ቤት፣ የገባበት ሰዓት። ክፍት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ቀጥሎ የሚፈርመው እንግዳ ከላይ ያሉትን 20 ሰዎች ስልክ ያነባል። ካሜራ 14 ቀን ካላችሁ በኋላ ደብተሩ 3 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ምን ዋጋ አለው?

ስልክ ቁጥር አያስፈልግም፣ ይሰረዝ። ለአንድ እንግዳ አንድ ቁራጭ ወረቀት፤ ተሞልቶ ቀዳዳ ባለው በተቆለፈ ሳጥን ይግባ፣ በ14 ቀኑ ይቃጠል። መታወቂያ ታይቶ ይመለስ። ማስያዝ ይቅር፤ የተያዘ መታወቂያ ይጠፋል፣ ይቀያየራል፣ ፎቶ ይነሳል። ፋይዳ የያዘ እንግዳ ሲመጣም ባለ 12 አኃዙን ቁጥር መገልበጥ አያስፈልግም። እንግዳ መለየት የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው፣ ይደወልለት።

ሸገር_ኔት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

የማታ ተረኛ፣ ይህ ነጥብ ከኔ 4 ነጥቦች ይበልጣል።

አንድ ጭማሪ፦ አዳዲሶቹ መቅጃዎች ፊት ለይቶ መመዝገብ ይችላሉ። የነዋሪ ፎቶ አስገቡና «እንግዳ» ሲመጣ ይንገራችሁ ይላል ሻጩ። ይጥፋ። የፊት ልኬት ባዮሜትሪክ ነው፣ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻው የዳታ ክፍል ይገባል፤ ይለፍ ቃል ቢወጣ ይቀየራል፣ ፊት አይቀየርም። ሰውና መኪና ከድመት የሚለየው ማንቂያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ማንነት ስለማይመዘግብ ይቆይ።

ብሎክ_19 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁለት ጥያቄ ቀረ። ስርቆት ሲደርስ ቪዲዮው ለፖሊስ እንዴት ይሰጣል? የቴሌግራም ግሩፓችን ላይስ «ይህን ሰው የምታውቁት» ብሎ መለጠፍ?

ጠበቃ_ለገሃር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁለተኛው አጭር ነው፦ አይለጠፍ። ግሩፑ ላይ የወጣ ፊት ጥፋተኛ ተብሏል። ሰውየው የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝ ማኅበሩ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ሌባው ሆኖ ቢገኝም ምስሉ ተሰራጭቶ ሰው ሁሉ ካየው በኋላ «ያየሁት እርሱን ነው» የሚል ምስክር ዋጋው ይቀንሳል።

ለመጀመሪያው፦ አቤቱታ እንደደረሰ የይለፍ ቃሉ ፖስታ ያለባቸው ሁለቱ ሰዎች ያንን ሰዓት መቅጃው ላይ ይቆልፉት፤ አለበለዚያ በ14 ቀኑ ራሱ ይሰርዘዋል። ፖሊስ በጽሑፍ፣ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ፣ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ ይጠይቅ። የተጠቀሰው ሰዓት ብቻ፣ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ተጨምሮ፣ ይገልበጥ። መቅጃውን ነቅሎ መስጠት እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ጉዳዩ የማይመለከታቸው ነዋሪዎች 14 ቀን ኑሮም አብሮ ይሄዳል፣ ግቢውም ያለ ካሜራ ይቀራል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ እንደ ትእዛዙ።

መዝገቡ ላይ፦ ማን ጠየቀ፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ የትኛው ካሜራ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን ገለበጠ፣ ማን ተረከበ። ነዋሪ «የኔን መኪና ልይ» ብሎ ሲመጣም እዚያው ይጻፍ። መዝገቡን ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ይየው፤ «በዚህ ዓመት 40 ጊዜ ታይቷል፣ 31ዱን የከፈተው አንድ ሰው ነው» የሚል ነገር ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሸገር_ኔት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሲገለበጥ በመጀመሪያው ቅርጹ ይሁን፣ ከነማጫወቻው። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ አይሁን። የፋይሉን ሻ 256 ቁጥር (ከይዘቱ የሚሰላ የፋይሉ አሻራ) አውጥታችሁ ርክክቡ ላይ ጻፉት፤ በዊንዶውስ «ሰርትዩቲል» የሚባለው ትእዛዝ ያወጣዋል። ፋይሉ ላይ አንዲት ፒክሰል ብትነካ ቁጥሩ ይለወጣል።

ስፖኪዮ_ፈላጊ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይህ ሁሉ ወረቀት ለአንድ ስፖኪዮ ነው እንግዲህ። ኮሪደሩን አሁንም አልተውኩትም፤ ቅዳሜ እናያለን።

ገመድ_ሳቢ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ብሎክ 19፣ ምንም ብትወስኑ ውሉ ላይ ይህችን አስገባ፦ ከክፍያው 20 በመቶ ከሌሊት ፍተሻ በኋላ ይከፈላል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የማታውቁት ሰው ኮፍያ አድርጎ በተለመደ እርምጃ በሩን ይለፍ። ቪዲዮውን አቁማችሁ ፊቱን እዩ። ከደበዘዘ ሌንሱ ላይሆን ይችላል፤ የሹተሩን ፍጥነት (ለአንድ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እዩ። የሰከንድ 1/25 ላይ ከሆነ የሚራመድ ሰው በዚያ ቅጽበት 5 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ስለሚንቀሳቀስ ፊቱ ይዋጣል። ወደ ሰከንድ 1/100 አምጡት። ያኔ ምስሉ ይጨልማል፤ በሩ ላይ 30 ዋት ኤልኢዲ ጨምሩና እንደገና ይለፍ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐይ ከበሩ ጀርባ ስትመጣ ድገሙት፤ ፊቱ ጥቁር ከሆነ ደብልዩዲአር (ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነው) አልበራም ወይም የውሸት ነው፣ 120 ዲሲቤል የሚል እውነተኛው ይቀየርላችሁ።

መጨረሻ ላይ ያው ሰው ደረጃ ሥር ይቁምና ሌላ ሰው ከምድር ቤት ጀምሮ የየቤቱን በር እየከፈተ ይዝጋ። ማሳያው ላይ አንድም በር ሲከፈት ከታየ ካሜራው ይዙር።

ብሎክ_19 · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡20

20 በመቶውን አስገብቼዋለሁ። ኮፍያውን እኔ አመጣለሁ።